ቢፑን አዳምጡ፦ አልነሳ ያለ ማዘርቦርድ

መርካቶ ምናለሽ ተራ ሌላው የጣለው ዕቃ ሁሉ ገዢ የሚያገኝበት ሰፈር ነው፤ አሮጌ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል። አልነሳ ያለ አሮጌ ማዘርቦርድም በቶሎ ወደ ቁርጥራጭ ክምር መሄድ የለበትም።

ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ መጀመሪያ የሚሠራው ጆሮ ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ራሱን ይፈትሻል፤ ጉድለት ካገኘ በትንሿ ስፒከር «ቢፕ» ይላል። አዋርድ ባዮስ ባላቸው ቦርዶች አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ድምፅ የስክሪን ካርድ ችግርን ይጠቁማል። ድምፅ ከሌለስ? ሶኬቱ ይነቀልና ራሙ በሙሉ ይወጣል፤ ከዚያ እንደገና ሲበራ ቦርዱ ከጮኸ ፕሮሰሰሩና ባዮሱ ደኅና ናቸው ማለት ይቻላል። ብዙ ጊዜ የራሙን ወርቃማ ጥርሶች በላጲስ ጠርጎ መመለስ ብቻ ይበቃል።

ዓይንም ሥራ አለው። ጤነኛ ካፓሲተር አናቱ ጠፍጣፋ ነው፤ የተበላሸው ያብጣል፣ አንዳንዱም ቡናማ ፈሳሽ ያወጣል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጥራት የጎደላቸው ካፓሲተሮች በመላው ዓለም ኮምፒውተሮችን አበላሽተዋል፤ ዴል በ2005 እንደ ኦፕቲፕሌክስ ጂኤክስ270 ላሉት ኮምፒውተሮቹ ጥገና 300 ሚሊዮን ዶላር መመደብ ግድ ሆኖበታል። ካፓሲተር ሲተካ ማይክሮፋራዱ እኩል፣ የቮልት መጠኑ እኩል ወይም የበለጠ፣ የፕላስና የማይነስ አቅጣጫውም ትክክል መሆን አለበት።

በ386 እና በ486 ዘመን ቦርዶች ላይ ግን ተጠርጣሪው ሌላ ነው፤ ቦርዱ ላይ የተበየደችው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ስታፈስ የመዳብ መስመሮቹን ትበላለች። ባትሪዋ ተነቅላ አረንጓዴው ዝገት በጥቂት ኮምጣጤ ይጠረጋል፣ በአልኮል ይጸዳል፤ የተበጠሰው መስመር በቀጭን ሽቦ ይቀጠላል።