ሞተር ሲታመም እንዴት ይደመጣል?

በዓመቱ አጋማሽ ዕረፍት አራት ሆነን ወደ ጎግ ሄደን ነበር። ጎግ ከጋምቤላ ከተማ ተነሥቶ አቦቦን አልፎ የሚደረስበት ወረዳ ሲሆን፥ ዋና ከተማው ፑኝዶ ናት፤ አጠገቧም ጊሎ ወንዝ ይወርዳል። ያስተናገደን የአንዱ ጓደኛችን ታላቅ ወንድም ነው፤ እርሱም በሞተር ሳይክል ሰውና ዕቃ እያመላለሰ ቤተሰቡን ያስተዳድራል። እኛ በደረስን ጊዜ ግን ሞተሩ ተፈትቶ በሸራ ላይ ተዘርግቶ አገኘነው። «ይጮኻል» ብሎ ለሠራተኛ ሰጥቶት ኖሯል። ቴስታታው ተነሣ፥ ጓርኒሲዮኑ ተለወጠ፥ ሰውየው አራት ቀን ያለ ሥራ ተቀመጠ። ሞተሩ ተገጥሞ ሲነሣ ግን ያው ጩኸት እንደ ነበረ ተመለሰ።

በማግሥቱ ረዘም ያለ ካቻቢቴ ተውሰን ሞተሩን እያስነሣን ከላይ እስከ ታች አዳመጥነው። ከሲሊንደሩም ከካርተሩም የሚሰማ ክፉ ነገር አልነበረም። ጩኸቱ የሚበረታው ከማርሚታው ላይ ነበር፤ እግር እንዳይቃጠል የሚከልለው ቆርቆሮ አንዱ ቡሎኑ ላልቶ ይርገበገብ ነበርና። ቡሎኑ ጠበቀ፥ ነገሩም አለቀ። የሁለት ሳምንት ገቢ የበላው ጥገና ለዚህች ቡሎን ነበር ማለት ነው። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣንም ይኸው ነው፤ ከእኛ ተማሪዎች መካከል የዚህን ዓይነት ሞተር የሚነዳ ወይም በርሱ ገቢ የሚማር ብዙ እንደ ሆነ እናውቃለንና።

ካቻቢቴ እንዴት ጆሮ ሊሆን ቻለ? የሞተር ድምፆች ሁሉ በአየር ውስጥ ተደባልቀው ይደርሱናል፤ ስለዚህ ከሁለት እርምጃ ርቀት የቱ ከየት እንደ መጣ መለየት አይቻልም። ብረት ብረትን ሲነካ ግን የዚያችው ቦታ እንቅስቃሴ በዘንጉ በኩል ሳይባክን ይመጣል። ከብረት ወደ አየር ሊያልፍ የሚሞክረው ድምፅ አብዛኛው ከድንበሩ ላይ ተመልሶ ይቀራል። አንዳንዶች ምክንያቱ ፍጥነት ነው ይላሉ፤ እውነት ነው፥ ድምፅ በአየር በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ሲሄድ በብረት ዘንግ ወደ 5000 ሜትር ይሄዳል። ነገር ግን የሚጠቅመን ፍጥነቱ ሳይሆን ሳይባክን መድረሱ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1816 ዓ.ም. ሬኔ ላኤኔክ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ወረቀት ጠቅልሎ የታማሚ ደረት ያዳመጠው፥ የዛሬውም የሐኪም ማዳመጫ የተወለደው ከዚህ ጋር በሚቀራረብ አሳብ ነው።

አያያዙ እንዲህ ነው። የካቻቢቴው ጫፍ ጠንካራ በሆነ ቦታ፥ በተለይም በቡሎን ራስ ላይ ይደገፋል፤ እጀታው ከጆሮ ፊት ባለው አጥንት ላይ ይጫናል። ወደ ጆሮ ቀዳዳ አይገባም! የሲሊንደሩን የማቀዝቀዣ ክንፎች መንካት አያስፈልግም፤ እነርሱ ራሳቸው ስለሚያቃጭሉ ያሳስታሉ። ሻሽና ሰፊ እጅጌ ከካቴናውና ከጎማው ይራቅ። ሥራው በደጅ ይሁን፤ በተዘጋ ቤት የሞተር ጭስ ይገድላል። ትንፋሽ የሚያሾልክ ስንጥቅ ለመፈለግ ደግሞ ካቻቢቴ አይረዳም፤ አንድ ሜትር የጎማ ቱቦ ወስዶ አንዱን ጫፍ ወደ ጆሮ አስጠግቶ፥ ሌላውን በማርሚታው መጋጠሚያ ዙሪያ ማዞር ነው። የሚያሾልከው ቦታ «ፍ ፍ» ሲል በግልጥ ይሰማል።

ከሁሉ በፊት ግን ጤነኛውን ማዳመጥ ያስፈልጋል። እኛ በፑኝዶ ባለ ሞተሮቹ ተሰልፈው ከሚቆሙበት ሄደን ዓይነታቸው አንድ የሆነ አምስት ሞተሮችን ተራ በተራ አዳመጥን። ሾፌሮቹ «ሐኪሞች መጡ» እያሉ ሳቁብን፤ በኋላ ግን እነርሱም ካቻቢቴውን እየተቀበሉ ማዳመጥ ጀመሩ።

አሁን ወደ ድምፆቹ። ከላይ ከቴስታታው የሚመጣ ቀጭን «ጭክ ጭክ» ብዙውን ጊዜ የቫልቭ ነው። ቫልቩን የሚከፍተው ዘንግ ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚዞር፥ የላላ ቫልቭ ምት ከማርሚታው ቡፍታ ጋር እኩል ይሄዳል፤ በእጥፍ የሚፈጥን ምት ከሆነ ግን ከኮሎው ጋር የሚዞር ነገር ይጠርጠር። የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ በስስ የብረት መለኪያ ይስተካከላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ያጠብቀዋል። ከመጠን በላይ የጠበቀ ቫልቭ በሚገባ ስለማይዘጋ ከሚያልፈው እሳት የተነሣ ይቃጠላል። ስለዚህ ጥቂት የሚያንኳኳው ዝም ካለው ይሻላል።

በሲሊንደሩ ጎን የሚንኳኳ፥ በተለይ ነዳጅ ሲለቀቅ የሚብስ ከሆነ የውስጡ ካቴና ላልቷል። ጠዋት ሲነሣ ደንቆር ያለ ድምፅ ሰጥቶ ሲሞቅ የሚቀንስ የፒስተን ነው፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ይሰፋልና ክፍተቱ ይጠባል። ይህ ብዙ አያስቸኩልም። የፍሪሲዮኑ እጀታ ሲጨበጥ የሚለወጥ ድምፅ ከዚያው ከፍሪሲዮኑ ወይም ከማርሹ ወገን ይፈለግ። ጭነት በዝቶ መንገዱ ሲከብድ የሚሰማ የጠጠር መንሿሿት የመሰለ ድምፅ ደግሞ ከቤንዚኑ ሊሆን ይችላል፤ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ምን እንደ ተቀላቀለበት ማን ያውቃል!

እጅግ የሚያስፈራው ከታች ከካርተሩ የሚመጣ፥ ጭነት ሲጨመር የሚጎላ ወፍራም «ጓ ጓ» ነው። ይህ የቢዬላ ነው። እንዲህ ያለውን የሰማ ሰው «ቤት ልድረስ» ሳይል ወዲያው ሞተሩን ያጥፋ፥ ዘይቱን ይመልከት፥ የዘይት ጉድለት ባይሆንም እንኳ እየገፋ ይሂድ። አምስት ኪሎ ሜትር መግፋት በአቧራና በሙቀት ከባድ መሆኑን እኛም ቀምሰነዋል፤ የተሰበረ ቢዬላ ካርተሩን የበሳ እንደ ሆነ ግን ሞተሩ በሙሉ ይጠፋል።

ጆሮ ቦታውን እንጂ መጠኑን አይለካም፤ ለዚያ መካኒክ ያስፈልጋል። ታዲያ ወደ መካኒክ ስንሄድ «ይጮኻል» ብቻ አንበል። «ከላይ በግራ በኩል፥ ሲሞቅ የሚብስ፥ ከቡፍታው ጋር እኩል የሚመታ» ብለን እንንገረው፤ ቴስታታውን ከማንሣቱም በፊት ካቻቢቴውን ተቀብሎ እርሱም እንዲያዳምጥ በትሕትና እንለምነው።