ደመወዝ ሳይደርስ የሚያልቅ ቀለብና የስኳር ሕመም ክትትል

መግቢያ

በጎንደር ከተማ በጥበቃ ሥራ የሚተዳደር፣ ጧትና ማታ ኢንሱሊን የሚወጋ አንድ ታማሚ እናስብ። ደመወዙን የሚቀበለው በወሩ መጨረሻ ነው። የቤት ኪራይ፣ የባለሱቅ ዱቤና የእድር መዋጮ ከተከፈለ በኋላ የተረፈው ለቀለብ ይውላል። ወሩ ከተጋመሰ በኋላ ግን ሌማቱ ይሳሳል፤ ቁርስ ይቀራል፣ ምሳም በሻይ ይታለፋል። በካርዱ ላይ የታዘዘው የኢንሱሊን መጠን ግን አይለወጥም። ሰውየው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ መርፌውን ወግቶ በባዶ ሆድ መዋል ወይም መርፌውን መተው። የመጀመሪያው ራሱን ስቶ እንዲወድቅ፣ ሁለተኛው ደግሞ ስኳሩ ንሮ ለኪቶአሲዶሲስ እንዲጋለጥ ያደርገዋል። በክትትሉ ቀን ሁለቱም «መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስድም» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ተመዝግበው ይታለፋሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቀለብ ማለቅ የታማሚው የግል ችግር ብቻ ሆኖ መታየት እንደሌለበት፣ ይልቁንም የመድኃኒት መጠን ከመወሰኑ በፊት ተጠይቆ መታወቅ ያለበት የሕክምና መረጃ መሆኑን ማስረዳት ነው።

የወሩ አቆጣጠርና የደም ስኳር

ችግሩ የድሃ አገሮች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ በካሊፎርኒያ ሆስፒታሎች መረጃ ላይ የተመሠረተ ጥናት፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ነዋሪዎች ዘንድ በደም ስኳር መውረድ ምክንያት ሆስፒታል የሚተኙት ሰዎች ቁጥር በወሩ የመጨረሻ ሳምንት ከመጀመሪያው ሳምንት በ27 በመቶ እንደሚበልጥ አመልክቷል። ከፍተኛ ገቢ ባላቸው ዘንድ ግን ይህ ልዩነት አልታየም። በዚያ አገር ደመወዝና የምግብ ድጎማ በአብዛኛው በወሩ መጀመሪያ ስለሚገባ፣ የወሩ መጨረሻ የቀለብ ማለቂያ ነው።

በአገራችን ደግሞ ከዚህ የሚብስ አንድ ወቅት አለ። የወር ደመወዝተኛ ለጳጉሜን ቀናት የተለየ ክፍያ ስለሌለው፣ በነሐሴ መጨረሻ የተቀበለው ገንዘብ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ 35 ወይም 36 ቀናት ሊያደርሰው ይገባል። የዘመን መለወጫ ወጪና የልጆች የትምህርት ቤት መመዝገቢያ የሚደራረቡትም በዚሁ ጊዜ ነው።

የደጋው ገበሬ «ወር መጨረሻ»

በዳባት፣ በደባርቅ፣ በጃናሞራና በበየዳ ደጋማ ቀበሌዎች የሚኖረው ገበሬ ደመወዝ የለውም፤ የእርሱ የደመወዝ ቀን አዝመራው ነው። ጎተራው የሚራቆተው በክረምት፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ ነው። የአረምና የእርሻ ሥራ የሚበዛው ግን በዚሁ ወቅት በመሆኑ ምግብ ሲቀንስ ጉልበት ይጨምራል። በጥር የተወሰነ የኢንሱሊን መጠን በነሐሴ ለዚያው ሰው ከልክ ያለፈ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የፍልሰታ ጾምም ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ እዚሁ ላይ ይውላል።

የጎንደርን አካባቢ ጉዳይ ልዩ የሚያደርግ ሌላም ነገር አለ። ዶ/ር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በጎንደርና በጅማ ገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ታማሚዎች ብዙዎቹ ቀጫጭኖችና በድህነት የሚኖሩ መሆናቸውን በማሳየት፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር ሕመም እንደገና እንዲታይ ጠይቀው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት ሕመም እ.ኤ.አ. በ1985 ለብቻው መድቦት በ1999 ከምደባው አውጥቶታል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌደሬሽን በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2025 «ዓይነት 5» በሚል ስያሜ እውቅና ሰጥቶታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀጭን ታማሚ ከፍ ያለ የኢንሱሊን መጠንና ባዶ ሌማት ሲገናኙ አደጋው የከፋ ነው።

እንዴት ይጠየቅ?

ረሃብ የሚያሳፍር ነገር ነው። ለምን ምግብ እንዳልበላ የተጠየቀ ታማሚ «ጾም ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ስለሆነም ጥያቄው ክብሩን የሚጠብቅና ለሁሉም ታማሚ በእኩል የሚቀርብ ቢሆን ይመረጣል። ለምሳሌ፦ «በዚህ ኑሮ ቀለብ ወር አልደርስ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ እርስዎስ ደመወዝ ሳይደርስ የሚያልቅበት ጊዜ አለ? ከወሩ በስንተኛው ቀን ገደማ? በእነዚያ ቀናት መርፌውን እንዴት ያደርጉታል?» ለገበሬው «እህሉ እስከ የትኛው ወር ያደርስዎታል?» ማለት ይበቃል። መልሱ በካርዱ ላይ ይጻፍ።

ለሙሉ ቀንና ለጎዶሎ ቀን የሚሆን ትእዛዝ

ቀለቡ እንደሚያልቅበት የተናገረ ታማሚ ሁለት ዓይነት መመሪያ ተጽፎለት መሄድ ይኖርበታል፤ አንዱ ምግብ ላለበት ቀን፣ ሌላው ምግብ ለጎደለበት ቀን።

1. በፍጥነት የሚሠራው መደበኛ ኢንሱሊን ምግብ ሳይቀርብ አይወጋም።
2. ኤንፒኤች ኢንሱሊን ከነጭራሹ አይቋረጥም። በጎዶሎ ቀን በምን ያህል እንደሚቀነስ ባለሙያው አስቀድሞ ወስኖ በቁጥር ይጻፍለት። የተቀላቀለ ኢንሱሊን የሚወስደውም የራሱ ቁጥር ያስፈልገዋል።
3. ግሊቤንክላማይድ ምግብ በቀረበት ሰዓት አይዋጥም። አረጋውያንና የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ይበልጥ ይጠንቀቁ።
4. ሜትፎርሚን ብቻውን የደም ስኳርን ከመጠን በታች የማውረድ ጠባዩ አነስተኛ ነው፤ ከምግብ ጋር ይወሰዳል።
5. ጠላም ሆነ አረቄ በባዶ ሆድ አይጠጣም።

የገበሬው መጠን በሰኔ፣ እህሉ ሳያልቅና መንገዱ በዝናብ ሳይበላሽ፣ ከአዝመራ በኋላ ደግሞ እንደገና ቢታይ ይጠቅማል። የከተማው ታማሚ ቀጠሮ ከደመወዝ በኋላ ባሉት ቀናት ቢሆን፣ የታክሲው ገንዘብ ከመጨረሻው እንጀራ ላይ አይቀነስም።

ቀለብን ስለማዳረስ

«በደንብ ይብሉ» የሚለው ምክር ገንዘብ ለሌለው ሰው ትርጉም የለውም። የሚሻለው በደመወዙ ቀን ሊፈጸም የሚችል ነገር መንገር ነው። ከሚሸመተው ላይ አስቀድሞ የመጨረሻውን ሳምንት የሚያደርስ በሶና ቆሎ ተለይቶ ይቀመጥ። በሶ ምድጃ ስለማይፈልግ የከሰል መግዣ ባለቀበትም ቀን ይበላል። ጤፍን ከገብስ ወይም ከማሽላ ጋር መቀላቀል፣ ሽሮና ምስርን ከሥጋ ማስቀደም ወጪን ይቀንሳል። ያለውን በአንድ ጊዜ ጠግቦ ከመብላት ይልቅ በተወሰነ ሰዓት ጥቂት ጥቂት መብላት ለኢንሱሊን ተጠቃሚ ይሻላል።

በርካሽነቱ የሚመረጠውን ጓያን በተመለከተ ግን ማስጠንቀቅ ግዴታ ነው። ጓያን ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ማድረግ የማይድን የእግር ሽባነት ያስከትላል። ይህም በደምቢያና በአካባቢው ለረጅም ጊዜ የታወቀ ጉዳት ነው።

ስኳር ሲወርድ

ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባትና ያልተለመደ ቁጣ ሲታይ ቤተሰብ እንደ ስካር ወይም እንደ ክፉ መንፈስ ሊቆጥረው ስለሚችል ምልክቶቹን አስቀድሞ ይወቅ። የደም ስኳር ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን፣ ወይም መለኪያ ሳይኖር ምልክቱ ሲታይ፣ 15 ግራም ገደማ የሚሆን 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው መድገም፣ ሲነቃም ምግብ ማብላት ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም፤ በጤና ጣቢያ 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጠዋል። ግሊቤንክላማይድ የወሰደ ሰው ከነቃም በኋላ ስኳሩ እንደገና ሊወርድ ስለሚችል ቶሎ ወደ ቤቱ አይሸኝ። ለዚህ የሚሆን ጥቂት ስኳር ከቤቱ እንዳይጠፋ፣ ለሻይ ከሚውለው ተለይቶ በብልቃጥ ይቀመጥ።

ማጠቃለያ

የጤና ባለሙያው የማንንም ደመወዝ መጨመር አይችልም፤ እርሱም ራሱ የወር መጨረሻን ያውቀዋል። ሊያደርግ የሚችለው ግን ትንሽ አይደለም። ቀለቡ የሚያልቅበትን ቀን ጠይቆ፣ ለዚያ ቀን የሚሆን መጠን ጽፎ መስጠት ይችላል። ምግብ ሳይኖር መርፌውን ሳይወጋ የቀረ ታማሚ ከሞት ለመዳን ያሰበ ሰው ሊሆን ስለሚችል፣ ከመወቀሱ በፊት ይጠየቅ።