ልጅ በሰዓቱ እንዲተኛ
ትንሽ ልጅ ሰዓት አያነብም፤ የመኝታው ጊዜ መድረሱን የሚያውቀው በየምሽቱ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ከሚደረግለት ነገር ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት 405 እናቶችንና ልጆቻቸውን ተከታትሎ ነበር። ገላ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ አቅፎ እሹሩሩ ማለት በየምሽቱ ሲደጋገም ልጆቹ ቶሎ ተኙ፤ ሌሊት መንቃታቸውም ቀነሰ። ለውጡ በሁለት ሳምንት ታየ። የእናቶቹ መንፈስም ተሻሻለ፤ ይህ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

«ቤታችን አንድ ክፍል ነው፣ አባቱም አምሽቶ ይገባል» የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ልማዱ ግን የተለየ ክፍል አይጠይቅም፦ እግር ማጠብ፣ ልብስ መቀየር፣ ቴሌቪዥን መዝጋት፣ አጭር ተረት። አባትን ለመጠበቅ ልጅን ማስመሸት ግን አልደግፍም። የዓለም ጤና ድርጅት ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጅ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል። የአባትና የልጅ ጨዋታ ማለዳ ይሁን። ዛሬ ማታ ጀምሩት።