የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና የፍሬን ሙቀት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በፍቼና በገብረ ጉራቻ በኩል ወደ ጎጃም የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ጎሃ ጽዮን ሲደርስ ሜዳው ያልቅበታል። ከሸለቆው ማዶ ያለችው ከተማ ደጀን ናት። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት ነው። ጎሃ ጽዮን ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ፣ የወንዙ ድልድይ ደግሞ 1100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። እንግዲህ ማንኛውም ተሽከርካሪ በ20 ኪሎ ሜትር ውስጥ 1400 ሜትር ያህል ይወርዳል ማለት ነው።

ከነጭነቱ 40 ቶን፣ ማለትም 400 ኩንታል የሚመዝን ተሳቢ መኪና እንውሰድ። እምቅ ጉልበት የመጠነ ቁስ፣ የስበት ፍጥንጥነትና የከፍታ ብዜት ስለሆነ መኪናው እስከ ድልድዩ ድረስ 550 ሚሊዮን ጁል ገደማ ማስወገድ አለበት። ይኸው መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ያለው የእንቅስቃሴ ጉልበት 5.6 ሚሊዮን ጁል ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን ቁልቁለት መውረድ፣ በዚያ ፍጥነት የሚሄድን መኪና መቶ ጊዜ ያህል ከማቆም ጋር ይስተካከላል።

«ቀስ ብሎ መውረድ ነው» ይባላል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ነው። ፍጥነትን መቀነስ ሙቀቱ የሚወጣበትን ጊዜ ያረዝማል እንጂ ጠቅላላውን የጉልበት መጠን አይቀንስም። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢወረድ እንኳ ለ40 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጥ 229 ኪሎ ዋት ይመነጫል። እያንዳንዳቸው 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስዱ 65 የእንጀራ ምጣዶች በአንድ ጊዜ እንደ ተጣዱ ይቁጠሩት!

ይህ ሁሉ ሙቀት ወደ ፍሬን ታምቡሮቹ ብቻ ቢገባስ? ለስሌት እንዲመቸን ታምቡሮቹ በድምሩ 500 ኪሎ ግራም ብረት ናቸው እንበል። የአንድ ኪሎ ግራም ብረትን መጠነ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ለመጨመር 450 ጁል ገደማ ስለሚያስፈልግ፣ የታምቡሮቹ መጠነ ሙቀት ከ2400 ዲግሪ በላይ በጨመረ ነበር። ብረት ግን በ1538 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል። በእርግጥ ነፋሱ ብዙውን ሙቀት ስለሚወስድ ነገሩ እዚያ አይደርስም። አደጋው የሚመጣው ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ ነው። የፍሬን ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል የሰበቃ ኃይሉ ይዳከማል፤ ታምቡሩም በሙቀት ተለጥጦ ከሸራው ይርቃል። ሾፌሩ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ይረግጣል፤ መኪናው ግን አይቆምም። «ፍሬኑ እምቢ አለ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ብዙ ሕይወትም የጠፋበት ነው።

መፍትሔው ሌላ የሙቀት መውጫ መፈለግ ሲሆን እርሱም ሞተሩ ነው። ነዳጅ ሳይሰጠው በጎማዎቹ የሚዞር ሞተር አየር በመሳብና በመግፋት፣ በሰበቃም ጉልበት ይበላል፤ ሙቀቱም በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ ይወጣል። በከባድ መኪናዎች ላይ የጭስ መውጫውን የሚዘጋው የሞተር ፍሬን ይህን ያጎላዋል። ማርሹ ዝቅ ባለ ቁጥር ሞተሩ በዚያው ፍጥነት ብዙ ስለሚዞር የበለጠ ይይዛል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መውረድ፣ በእኛ ግምት፣ ከዕብደት አይለይም።

በ2008 እ.ኤ.አ. በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው ባለ 303 ሜትሩ የሕዳሴ ድልድይ የወንዙን መሻገሪያ አሻሽሏል፤ ቁልቁለቱ ግን ያው ነው። በዚያ ላይ የሸለቆው ተዳፋት እየተንሸራተተ አስፋልቱን ያጎብጠዋል፤ ሾፌሩም በየጉብታው ፍሬን ይይዛል።

ስለዚህ ዝቅተኛው ማርሽ መግባት ያለበት ገና ጎሃ ጽዮን ላይ ነው፤ ከደጀን ለሚመጣም እዚያው ደጀን። ቁልቁለቱ መካከል ማርሽ ለመለወጥ የሞከረ ሾፌር መልሶ ላያስገባው ይችላል። የተቃጠለ ሸራ የሸተተው ተሳፋሪም ዝም አይበል። መኪናው ከቆመ በኋላ በጋለ ታምቡር ላይ ውኃ ማፍሰስ አይገባም፤ ላዩ በድንገት ሲኮማተር ውስጡ እንደ ጋለ ስለሚቆይ ብረቱ ይሰነጠቃል።