የአንዳይ ግንብ፦ ወደ አንቷን ዳባዲ ቤት የአንድ ቀን የእግር ጉዞ

በፈረንሳይ ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ በስፔን ድንበር ላይ፣ አንዳይ የምትባል የባስክ ከተማ አለች። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በላይ ባለ ከፍታ፣ አዞና ዝንጀሮ በድንጋይ የተቀረጸበት ግንብ ቆሟል። ውስጡ ሲገቡ የኢትዮጵያ ኑሮ በግድግዳ ተስሎ፣ የአማርኛ ፊደል ተጽፎ ያገኙታል። ሻቶ ዳባዲያ ይባላል። የሠራው አንቷን ዳባዲ፣ ከ1838 እስከ 1848 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አብዛኛውን ጊዜውን በኢትዮጵያ ያሳለፈ ሳይንቲስት ነው። በአውሮፓ ለሚኖሩ ወገኖች፣ በማኅበር ተሰባስቦ አንድ ቀን በእግር ለመጓዝ ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

ጉዞው ከአንዳይ የባሕር ዳርቻ ይጀምራል። 3 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው አሸዋ ሲያልቅ መሬቱ ሽቅብ ይነሣና ወደ ዳባዲያ ጥብቅ ሥፍራ ያስገባል። ቁጥቋጦ፣ የሣር መስክና የፖም ዛፎች ያሉበት ይህ ቦታ ከባሕሩ ጋር የሚገናኘው በገደል ነው። ከገደሉ ራስ ቁልቁል ሲያዩ «ሁለቱ መንትዮች» የሚባሉት ዓለቶች ከውሃው መሐል ቆመው ይታያሉ። ሞገዱ የገደሉን ሥር ስለሚበላው አፋፉ በየጊዜው ይናዳል፤ ፎቶ ለማንሣት ብሎ ከተከለለው መንገድ መውጣት አደገኛ ነው። መንገዱ ከቢዳር እስከ አንዳይ 25 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው የባሕር ዳር መሄጃ ክፍል ነው። ልጆችና አረጋውያን ላሉበት ቡድን ግን ጥብቅ ሥፍራውን ዞሮ ግንቡን መጎብኘቱ ብቻ ቀኑን ይሞላዋል።

ዳባዲን ለማወቅ በእግር መሄድ ተገቢ ነው፤ እሱም አገራችንን ያወቃት በእግርና በበቅሎ ነውና። በ1810 ደብሊን ውስጥ ከባስክ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወለደ። ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ምፅዋ ወርዶ ወደ ጎንደር ዘለቀ፤ እስከ ኢናርያና ከፋም ደረሰ። ሥራው ካርታ ነበር። ተራራ ጫፍ ላይ ይወጣና ቴዎዶላይት የተባለውን የማዕዘን መለኪያ ይተክላል፤ ዙሪያውን የሚታዩትን አምባዎችና ተራሮች እያነጣጠረ ማዕዘናቸውን ይመዘግባል። ከዚያ ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ከሌላ ተራራ ላይ ሆኖ እነዚያኑ ነጥቦች መልሶ ይለካል። ከሁለት ቦታ የታየ ነጥብ የት እንዳለ በስሌት ይታወቃል። ከፍታን ለማግኘት ደግሞ ውሃ አፍልቶ ሙቀቱን ይለካ ነበር፤ ከፍ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በደጋ ባቄላ ቶሎ የማይበስለው በዚሁ ምክንያት ነው። የዚህ ልፋት ውጤት «የኢትዮጵያ ጂኦዴዚ» በሚለው መጽሐፉ ወጣ። በ1881 ደግሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። የሰበሰባቸው ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍት ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

ግንቡ የተሠራው ከ1864 እስከ 1879 ነው፤ ንድፉም የታዋቂው አርክቴክት የቪዮሌ ለ ዱክና የኤድሞን ዱቶዋ ነው። ጎብኚ በመመገቢያ ክፍሉ ረጋ ብሎ ወንበሮቹን ቢያይ መልካም ነው። በየወንበሩ አንድ አንድ የአማርኛ ፊደል አለ፤ ፊደላቱ ተገጣጥመው ሲነበቡ በዚህ ማዕድ ዙሪያ ከሃዲ እንዳይኖር የሚለምን ቃል ይወጣቸዋል። በሌላው ክንፍ የከዋክብት መመልከቻ አለ። መሣሪያው ክብን በ360 ሳይሆን በ400 የከፈለ ነው፤ ዳባዲ በአሥርዮሽ መለካትን አጥብቆ ይደግፍ ነበር። ግንቡን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ሲያወርስም በ50 ዓመት ውስጥ የ500,000 ከዋክብት ዝርዝር እንዲዘጋጅ አደራ ብሏል። በ1897 ሲሞት የተቀበረው እዚያው ግንቡ ውስጥ ባለው የጸሎት ቤት ነው።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን አንድ ቀዳዳ ነው። ዳባዲ አየር ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጎብጥ ለማጥናት፣ በመነጽር ላ ሩን የተባለውን 905 ሜትር ተራራ ለማየት አስቦ የቤቱን ግድግዳዎች በአንድ መስመር አስበሳ። ሙከራው አልተሳካም። ቀዳዳውን ከመድፈን ይልቅ «አላየሁም፣ አልተማርሁም» የሚል ቃል በባስክ ቋንቋ አስቀረጸበት። ይህ ሰው ከ1846 ጀምሮ የግቤን ምንጭ የነጭ ዓባይ ምንጭ ነው ብሎ ለዓመታት የተከራከረ ነው፤ የግቤ ውሃ ግን በኦሞ አድርጎ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። በዓባይ ጉዳይ እጅ ያልሰጠው ሳይንቲስት፣ በገዛ ግድግዳው ላይ ያልተሳካለትን ለእንግዳ ሁሉ እንዲታይ መተዉ ትልቅነት ነው።

የዳባዲ ዕውቀት የእሱ ብቻ አልነበረም። የተራራውን ስም የነገሩት፣ የቃሉን ትርጉም ያስረዱት፣ ብራናውን የጻፉትና የገለበጡት የአገራችን ሰዎች ናቸው፤ የብዙዎቹ ስም በግንቡ ላይ የለም። ከቡድኑ ጋር የሚሄዱ ልጆች ይህን አውቀው ይግቡ፤ ፊደል የቆጠሩትም በግድግዳውና በወንበሩ ላይ ያለውን እነሱ ያንብቡ። ግንቡን በአስጎብኚ ለመጎብኘት በርከት ብሎ የሚሄድ ቡድን አስቀድሞ ቀጠሮ ይያዝ። ጠንካራ ጫማ፣ የዝናብ ልብስና ስንቅ አይረሳ። በአስጎብኚው ንግግር መካከል ስለ መንገድ መሪዎቹና ስለ ደብተራዎቹ መጠየቅም ተገቢ ነው፤ የሚጠይቅ ካለ የእነሱም ድርሻ ይነገራል።