ፈራጅ ወይስ አማላጅ?

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደውን ጎዳና ይዞ አስኮን ያለፈ መንገደኛ፣ ቡራዩ ሳይገባ፣ ሳንሱሲ ከሚባለው ሰፈር ይደርሳል። ስሙ ፈረንሳይኛ ለሚያውቅ ጆሮ «ያለ ጭንቀት» የሚል ትርጓሜ ያሰማል፤ በካህናት ሙግት ራሱን ማድከም የማይወደው የፕሩሲያ ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክም በፖትስዳም ያሠራውን የበጋ ቤተ መንግሥት በዚሁ ቃል ሰይሞታል። የእኛው ሳንሱሲ ሰው ግን፣ ነገረ መለኮት በተነሣ ጊዜ፣ ከዚህ ስም ጋር ብዙ ዝምድና ያለው አይመስልም።

በአንድ የእሑድ ረፋድ ከዚያ ተነሥቶ ወደ መርካቶ በሚወርድ ታክሲ ተሳፍሬ ሳለሁ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቅዳሴ የሚመለሱ አንዲት ባልቴትና መጽሐፍ ቅዱሱን በጕልበቱ ላይ ያኖረ አንድ ወጣት ከፊቴ ጐን ለጐን ተቀምጠው ነበር። ነገሩ ከየት እንደ ተነሣ አልሰማሁም፤ ጆሮዬ ሲደርስበት ወጣቱ «እማማ፣ ኢየሱስ እኮ በአብ ቀኝ ሆኖ ስለ እኛ ይማልዳል፤ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ጽፎታል» ሲላቸው፣ እርሳቸውም «የኔ ልጅ፣ ፈራጅ የሆነ ጌታ ማን ፊት ቆሞ ይለምናል? ከእርሱ በላይ ማን አለና?» ብለው ይመልሱለት ነበር። ረዳቱ «ሒሳብ!» እያለ እጁን በመካከላቸው ዘረጋ፤ ሁለቱም ከፈሉና ካቆሙበት ቀጠሉ።

ይህን የመሰለ ሙግት በአዲስ አበባ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ በየታክሲው፣ በየቢሮው፣ በየለቅሶ ቤቱ ድንኳን ሥር ይነሣል። እኔን ያስገረመኝ ግን ከሁለቱ አንዳቸውም ኢየሱስ አምላክ መሆኑን አለመካዳቸው ነው። ባልቴቲቱ «አማላጅ» የሚለው ቃል ጌታን ከዙፋኑ አውርዶ ከለማኞች ተራ እንዳያቆመው ይፈራሉ፤ ወጣቱም «ፈራጅ» ብቻ ከተባለ ሥጋችንን የለበሰው መድኅን ከኃጢአተኛው እንዳይርቅበት ይሠጋል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ መምህራን ለሮሜ ሰዎች በተጻፈው መልእክት በስምንተኛው ምዕራፍ የሚገኘውን ቃል ወደ ፍርድና ወደ ሙግት ሲያዘነብሉት፣ የወንጌላውያን ሰባኪዎች ወደ ምልጃ ያዘነብሉታል፤ በአንድ ግስ ላይም ሁለት ሕዝብ ይለያያል። የሀገራችንን የነገረ ክርስቶስ ክርክር ታሪክ የመረመረ ሰው፣ ከአሥራ ስድስት መቶ ዓመት ወዲህ የተደረገው ሙግት ሁሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ያለ ሆኖ ያገኘዋል፦ በአምላክነቱ የተስማሙ ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው ሌላው አሳነሰብን እያሉ የተጣሉበት ነው።

የዚህ ታሪክ መጀመሪያ በአክሱም ይገኛል። አርዮስ የተባለው የእስክንድርያ ቄስ ወልድን ፍጡር ባለ ጊዜ፣ በ325 እ.ኤ.አ. ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው 318 ሊቃውንት በኒቅያ ተሰብስበው ወልድ ከአብ ጋር በመለኮቱ የተካከለ መሆኑን ወሰኑ። የዚህ ውሳኔ ጠበቃ የነበረው አትናቴዎስ፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን ፍሬምናጦስን የአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመ ነው። ወደ አርዮስ ወገን ያዘነበለው የሮም ንጉሥ ቆስጠንጢዮስ አትናቴዎስን ከመንበሩ ባሳደደ ጊዜ፣ በ356 እ.ኤ.አ. ገደማ ለአክሱም ነገሥታት ለዔዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአትናቴዎስ ፈንታ በተተከለው በጊዮርጊስ ፊት ሃይማኖቱን ያስመርምር ዘንድ ጠየቀ፤ ደብዳቤውንም አትናቴዎስ ራሱ ለንጉሡ በጻፈው መልስ ውስጥ አኑሮልናል። በዓለም ላይ ኃያል የነበረው ንጉሥ ስለ ወልድ አምላክነት ከአባይ ማዶ ያለ ወንድሙን እስኪለምን ድረስ የደረሰበት ዘመን እንደ ነበረ ስናስብ፣ ጥያቄው ለእኛ ከውጭ የመጣ እንግዳ እንዳልሆነ እንረዳለን። አክሱም የጸናችው በአትናቴዎስ ወገን ነው፤ ዛሬም ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀድስባቸው 14 ቅዳሴያት መካከል አንዱ በሠለስቱ ምዕት፣ አንዱም በአትናቴዎስ ስም ይጠራል።

ነገሬን ጥቂት ከመንገዱ ላውጣውና፣ በዚያችው ምድር በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የሆነውን ላንሳ። የእስልምና ታሪክ እንደሚተርከው፣ ከመካ ተሰድደው የመጡትን የነቢዩ ሙሐመድን ተከታዮች የአክሱሙ ንጉሥ ነጃሺ ስለ ኢየሱስ በጠየቃቸው ጊዜ፣ ከስደተኞቹ አንዱ የሆነው ጃዕፈር ስለ መርየም የሚናገረውን ምዕራፍ አነበበ፤ ኢየሱስም የአላህ አገልጋይ፣ መልእክተኛና ቃል ነው ብሎ መለሰ፤ ነጃሺም ከመሬት በትር አንሥቶ፣ ልዩነቱ ከዚህች በትር እንደማይበልጥ ተናገረ። በአክሱም አደባባይ ይህ መመርመሩና ተጠያቂዎቹ በሰላም መሸኘታቸው፣ ኋላ በክርስቲያኖች መካከል ከሆነው ጋር ሲነጻጸር ብዙ ያሳስባል።

በ451 እ.ኤ.አ. የኬልቄዶን ጉባኤ ክርስቶስ በሁለት ባሕርይ ይታወቃል ባለ ጊዜ፣ የእስክንድርያው ዲዮስቆሮስ እምቢ አለ፤ ኢትዮጵያም ከእርሱ ጋር ቆመች። የዲዮስቆሮስ ቀዳሚ የነበረው የቄርሎስ ትምህርት ከጽርእ ወደ ግእዝ የተመለሰው በዚያው በጥንቱ ዘመን ነው፤ «ቄርሎስ» ተብሎ የሚጠራው መጽሐፍ የሊቃውንቱ መሠረት ሆኖ ኖሯል። «ተዋሕዶ» የሚለው ቃላችንም የመጣው ከዚህ ነው፦ መለኮትና ትስብእት ያለ መለያየት፣ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ አንድ ሆኑ ማለት ነው። ምዕራባውያን ይህን እምነት ሥጋን የዋጠ አንድ ባሕርይ እንደ ማለት አስመስለው ሲጠሩት፣ መምህሮቻችን ስያሜውን አይወዱትም፤ ባለመውደዳቸውም እውነት አላቸው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1957 ዓ.ም. የግብጽን፣ የሶርያን፣ የአርመንንና የሕንድን አብያተ ክርስቲያናት አለቆች አዲስ አበባ ላይ ሲሰበስቡ፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሁለቱም ወገን ሊቃውንት በዚህችው ከተማ ተገናኝተው ስለ ውግዘት መነሣት ሲመክሩ፣ የአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመቱ ቍርሾ ይበልጡን በቃላት አጠቃቀም ላይ እንደ ነበረ የሚያምን ሰው በሁለቱም ወገን በርክቶ ነበር።

አሁን ወደ ጥልቁ እንግባ። ከ1603 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሀገራችን የኖረው ኢየሱሳዊው ጴጥሮስ ፓኤዝ አፄ ሱስንዮስን ወደ ሮም ሃይማኖት መለሰ፤ ንጉሡም በ1622 እ.ኤ.አ. ይህን በይፋ አወጀ። ከዚያም ሕዝቡ ተነሣ፤ በ1632 እ.ኤ.አ. ከብዙ ደም መፍሰስ በኋላ ሱስንዮስ የአባቶቹን ሃይማኖት መልሶ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ አስረከበ። ፋሲለደስ ያባረራቸው ኢየሱሳውያን ግን አንድ ጥያቄ ጥለውልን ሄዱ። ክርስቶስ ማለት የተቀባ ማለት ነው፤ የሐዋርያት ሥራ በአሥረኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር የናዝሬቱን ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ እንደ ቀባው ይናገራል፤ እንግዲህ በባሕርዩ አምላክ የሆነ ቅብዓት ለምን ያስፈልገዋል? ባሕርዩ ሁለት ነው የሚሉት ጥቅሱን ለሰውነቱ አውለው በቀላሉ ያልፉታል። አንድ አካል፣ አንድ ባሕርይ የሚሉት የእኛ ሊቃውንት ግን መልስ ለማግኘት መጨነቅ ነበረባቸው፤ በመጨነቃቸውም ተከፈሉ።

የመጀመሪያዎቹ «በተዋሕዶ ከበረ፤ በተዋሕዶም የባሕርይ ልጅ ነው» አሉ፤ ሥጋ ከቃል ጋር በተዋሐደባት ቅጽበት የቃል ክብር ሁሉ የእርሱ ሆነ፣ ሌላ ቅብዓት አያሻውም ማለታቸው ነው። ሁለተኛዎቹ «በቅብዓት የባሕርይ ልጅ» ብለው፣ መክበሩን የመንፈስ ቅዱስ ሥራ አደረጉት፤ ጽናታቸው በጎጃምና በኤዎስጣቴዎስ ወገን ነበር። ሦስተኛዎቹ «በቅብዓት የጸጋ ልጅ» አሉ፤ ከአብ ያለ እናት፣ ከድንግል ያለ አባት ከሚሆኑት ሁለት ልደታት በላይ በመንፈስ ቅዱስ የሚሆን ሦስተኛ ልደት አስተማሩ፤ ስለዚህም «ሦስት ልደት» ተባሉ፤ በደብረ ሊባኖስና በሸዋ ተስፋፉ። እነዚህ የመጀመሪያዎቹን «ካራ» ብለው ሰደቧቸው፤ ሦስተኛውን ልደት እንደ ካራ ቈርጠው ጥለዋልና። የሚያስደንቀው ስድብ ሆኖ የተወረወረው ስም እንደ ማዕረግ መያዙ ነው።

አንባቢዬ «ይህ ሁሉ የሊቃውንት ጨዋታ ነው» ሊለኝ ይችላል። እኔ ግን እንዲህ አላይም። ሦስቱም ወገኖች የሚፈሩት አንድ ነገር ነበር፦ ክርስቶስ እንዳይጐድልብን። ካራዎቹ፣ ቅብዓት አስፈለገው ከተባለ ከመቀባቱ በፊት ጐደሎ ነበር ማለት ይሆናል ብለው ፈሩ። ቅብዓቶች፣ መንፈስ ቅዱስ ከሥጋዌው ከተለየ የሥላሴ ሥራ ይከፈላል ብለው ፈሩ። ጸጋዎች ደግሞ፣ በሥጋው ከእኛ ጋር በጸጋ ካልተካፈለ የእኛ ወንድምነቱ ይጠፋል ብለው ፈሩ። በጠጅ ቤትና በሙግት ወንበር ላይ ሲነገር ግን እያንዳንዱ የሌላውን ፍርሃት ክሕደት ብሎ ጠራው።

የጎንደር ነገሥታት ከፋሲለደስ ጀምሮ ጉባኤ እየሰበሰቡ አንዱን ወገን ሲያጸድቁ ሌላውን ሲያስወግዙ ኖሩ፤ አንዱ ንጉሥ ያወገዘውን ተከታዩ ሲያጸድቅ፣ ግዝቱና አዋጁ እየተፈራረቀ፣ በሣልሳዊ ዳዊት ዘመን የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ደም እስከ መፍሰስ ደረሰ። የሥጋዌ ምሥጢርና የሀገረ ገዢዎች ፉክክር በአንድ ገመድ ተገመዱ፤ ጎጃም፣ ሸዋ፣ ትግሬ እያለ የሚታወቀው የመንደር ኵራት የሃይማኖት ልብስ ለበሰ። በሸዋ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የሦስት ልደትን ትምህርት በመንግሥቱ ሲያጸና፣ በ1841 እ.ኤ.አ. ከግብጽ የመጣው አቡነ ሰላማ ተቃወመው፤ ደጃዝማች ካሣ ደግሞ ከመንገሡ ጥቂት ወራት በፊት፣ በ1846 ዓ.ም. ፍጻሜ፣ በአምባ ጫራ ከጳጳሱ ጋር ሆኖ ተዋሕዶን አወጀ። ካሣ ቴዎድሮስ ሲሆን ሰይፉ ካራውን አገዘ ብለው የተቀኙ አልጠፉም ይሆናል።

የመጨረሻው ጉባኤ በወሎ በቦሩ ሜዳ በግንቦት 1870 ዓ.ም. ተደረገ። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከጥቂት ወራት በፊት በልቼ የገበሩላቸውን የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን ይዘው ተቀመጡ፤ በግብጽ ፓትርያርክ የተላከው ደብዳቤ ተነበበ፤ ተዋሕዶም ጸና፣ ሦስት ልደት ተወገዘ። ከትምህርታቸው አንመለስም ያሉ የሸዋ መምህራን ምላሳቸው እንደ ተቈረጠ ይተረካል። በዚያው ጉባኤ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ፤ የወሎው ባላባት መሐመድ ዓሊም በጥምቀት ስም ሚካኤል ተብሎ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል ሆነ። ነጃሺ በበትር የለካትን ልዩነት ቦሩ ሜዳ በአዋጅ ለካት። የእኔን ግምት ከጠየቃችሁኝ፣ የቦሩ ሜዳ ውሳኔ በትምህርቱ ትክክል ሆኖ ሳለ በአፈጻጸሙ ጐደሎ ነበር፤ በምላስ መቈረጥ የጸና ሃይማኖት ጠላቱን በልብ ውስጥ ያኖረዋልና።

ለዚህም ምስክር አለን። በምሥራቅ ጎጃም በአንዳንድ አድባራት የቅብዓት ትምህርት እስከ ዛሬ ተከታይ አለው፤ በቅርብ ዓመታትም ነገሩ ተቀስቅሶ ምእመናንን አከራክሯል። በሌላ በኩል፣ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በ1424 እ.ኤ.አ. በፈጸመው በመጽሐፈ ምሥጢር ከአርዮስና ከንስጥሮስ ጋር የረታው ሰባልዮስ፣ አብና ወልድ አንድ አካል ናቸው ያለው፣ በዘመናችን ስሙ ሳይጠራ ተመልሶ የመጣ ይመስላል፦ በ1969 እ.ኤ.አ. የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን፣ ሕዝቡ «ኦንሊ ጂሰስ» የሚላት፣ ኢየሱስን ከማሳነስ ይልቅ አምላክነትን ሁሉ በእርሱ ብቻ ጠቅልላ ታስተምራለችና። ከእርስዋ በተቃራኒ ዳር የቆሙት የይሖዋ ምስክሮች ደግሞ ጥንታዊውን የአርዮስን መንገድ የሚመስል ትምህርት ይዘው በየቤቱ በር ያንኳኳሉ። በ1951 ዓ.ም. የተቋቋመችው መካነ ኢየሱስ በኒቅያ የተወሰነውን ጸሎተ ሃይማኖት ትቀበላለች፤ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶም በየቅዳሴው ትደግመዋለች። እንግዲህ የሳንሱሲ ባልቴትና ወጣቱ በሠለስቱ ምዕት ፊት ቢቆሙ ሁለቱም ሳይወገዙ የሚያልፉ ይመስለኛል፤ ሙግታቸው ከአርዮስ ጋር ሳይሆን እርስ በርሳቸው ነው።

ታክሲው አስኮ ሲደርስ ባልቴቲቱ ወራጅ አሉ። ወጣቱ ተነሥቶ መንገድ ሰጣቸውና «እማማ፣ ቀስ ብለው» አለ። እርሳቸውም አንድ እግራቸውን ከበሩ ደፍ ላይ አሳርፈው ዘወር አሉና «ፈራጅ ነው፣ ልጄ» አሉት፤ እርሱም ፈገግ ብሎ መጽሐፉን ከፈተ፣ ጣቱንም በመስመሩ ላይ አኖረ።