ከሳትዋ እስከ መሊሓ፦ የውሃ ተራና የእረፍት ቀን

ከሳትዋ ልብስ ሰፊዎችና ትናንሽ ምግብ ቤቶች ተነስቶ ሻርጃን በማቋረጥ በኢ 88 አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው፣ ሕንጻዎቹ ወደ ኋላ ሲቀሩ በቅድሚያ ቀዩን አሸዋ፣ ቀጥሎም በተምር ዛፎች የተከበበችውን አል ዘይድን ያገኛል። ጥቂት አለፍ ብሎ ደግሞ ከባሕሩ ርቃ የተቀመጠችው የአጅማን ግዛት፣ መናማ፣ ትገኛለች። መንገዱ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ይሁንና ከአርሲ ወይም ከወሎ ገጠር መጥቶ ዓመታትን በከተማ ያሳለፈ ሰው፣ እርሻን ከአገሩ ሲወጣ ለዘለቄታው የተሰናበተው ሊመስለው ይችላል።

ከአል ዘይድ በስተደቡብ፣ በመሊሓ፣ የሻርጃ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ በ400 ሄክታር መሬት ላይ ስንዴ መዝራት ጀምሯል። የገበሬ ልጅ እዚህ ሲደርስ የሚገረመው በወቅቱ ነው፤ አርሲ ላይ ማጭድ በሚሳልበት በኅዳር ወር እዚህ ዘር ይዘራል። በአገር ቤት ዝናብ ይጠበቃል፤ እዚህ የሚጠበቀው የሙቀቱ መብረድ ነው።

ከስንዴው ይልቅ ግን ልብን የሚስበው ፈለጅ ነው። ፈለጅ ከተራራ ሥር የተጠራቀመን ውሃ ያለ ሞተር፣ በመሬቱ ተዳፋት ብቻ፣ በቦይ ወደ ተምር እርሻ የሚያደርስ ጥንታዊ ሥርዓት ሲሆን፣ ዩኔስኮ በ2020 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ውሃው የሚከፋፈለው በጊዜ ነበር፤ ቀን በጥላ፣ ሌሊት በከዋክብት። ተራውን የሚያስከብረው ሰው «ዐሪፍ» ይባላል። በአማራ ክልል ያሉ የመስኖ ተጠቃሚዎች ለዚሁ ኃላፊነት «የውሃ አባት» የሚል ስም አላቸው። የሁለቱም ሥራ ጎረቤታሞች በድርቅ ጊዜ በውሃ እንዳይጣሉ መጠበቅ ነው።

በከተማ ለሚኖረው ሠራተኛ ደግሞ በተራ የሚገኘው ነገር የእረፍት ቀን ነው። የ2022ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት እረፍት ይደነግጋል፤ ቀኑ ግን ከቤት ቤት ይለያያል። የሻርጃ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከዓርብ እስከ እሑድ ሲዘጉ፣ የዱባዮቹ ዓርብ እስከ ቀትር ይሠራሉ። ስለዚህ አምስት ሰዎችን በአንድ መኪና ለማሰባሰብ ደቦ ከመጥራት የማይተናነስ ምክክር ያስፈልጋል። አንዷ ቀኗን ታስለውጣለች፤ ሌላው ለነዳጅ ያዋጣል፤ ሌላዋ ጀበናዋን ትይዛለች። ከደቦ የቀረ ሰው «ምን ነካው?» እንደሚባል ሁሉ፣ የቀረችውን እህት የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። ብቻዋን በሰው ቤት የምትኖር ልጅ መታመሟ የሚታወቀው አንዳንዴ በዚህች ጥያቄ ብቻ ነው።

ዓርብ መውጣት ለማይችሉት ደግሞ፣ ወደ መሳፊ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ገበያ «ሱቅ አል ጁምዓ» ቢባልም በየቀኑ ክፍት ነው። ፍራፍሬ፣ የሸክላ ዕቃና ምንጣፍ ይሸጥበታል፤ ዋጋ መከራከርም የተለመደ ነው።